የፊት ታርጋ በፕላስቲክ ፓራውልት ላይ መግጠም፦ ስለ ሞላላው ቀዳዳና ስለ ሞረድ

ከድሬዳዋ ተነሥቼ በደንገጎ በኩል ሐረር ደርሼ ስመለስ የፊት ታርጋዬ ምንም ድምፅ አላሰማም። ከዚህ በፊት መኪናዋ ኮረኮንች በነካች ቁጥር ከፊት ለፊት ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ስለነበር፣ ለሌላ ሰው ትንሽ የሚመስለው ይህ ውጤት እኔን እጅግ አስደስቶኛል። የመኪናችንን ቀላል ሥራ በራሳችን እጅ ለመሥራት የምንጥር ሰዎች የተማርነውን መካፈል ልማዳችን ነውና፣ እንዴት እንደ ሠራሁትና የቱ ላይ እንደ ተቸገርሁ እጽፋለሁ።

ስለ መጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ብዙ አልልም። ዘይት መለወጥ፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ መቀየር ከጥሩ መካኒክ አጠገብ ቆሞ በማየት የሚለመዱ ናቸው፤ ፋብሪካው ለእያንዳንዳቸው ቦታውንም ብሎኑንም አዘጋጅቶላቸዋል። የፊት ታርጋ ግን እንዲህ አይደለም። ፓራውልቱ፣ ማለትም የመኪናው የፊት መከላከያ፣ የተበሳው መኪናው በመጀመሪያ ለተሸጠበት አገር ታርጋ ነው። የጃፓን ታርጋ 330 በ165 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀዳዳዎቹ በ210 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በአውሮፓ የተለመደው ደግሞ 520 በ110 ሆኖ ረጅምና ቀጭን ነው። ስለዚህ በጂቡቲ ወደብ በኩል በገባ ያገለገለ መኪና ላይ ያለው ቀዳዳ ከእኛ ታርጋ ጋር አልገጥም ቢል የሚያስገርም አይደለም።

ቦታ ሲመረጥ ከውበት በፊት ነፋሱ ይታሰብ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠመዝማዛውን የደንገጎ ዳገት ያቋርጣል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ከመቼውም ይበልጥ ይሠራል፤ መኪናው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ነፋስ ያንሳል። በፓራውልቱ ታችኛ ክፍል ያለውን የአየር ማስገቢያ በታርጋ መሸፈን በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ፈጽሞ አይገባም። እኔ የታርጋውን መያዣ፣ ማለትም ጠፍጣፋና ረጅም የአልሙኒየም ላማ፣ ከማስገቢያው በላይ ባለው ድፍን የፓራውልት ክፍል ላይ አድርጌዋለሁ። መሐሉን ለማግኘት ከሁለቱ የፊት መብራቶች እኩል መለካት ይሻላል፤ ውሃ ልክ የሚያገለግለው መኪናው የቆመበት መሬት ራሱ ልክ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለ መብሳቱ በአጭሩ ልናገር። ከፓራውልቱ ጀርባ፣ አንዳንዴ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ የኤሲው ኮንደንሰር አለ፤ እርሱን የነካ ፑንታ (የመብሻው ብረት) ጋዙን ያስወጣዋል። ከፑንታው ጫፍ የሚፈለገውን ጥልቀት ለክቶ ከዚያ በላይ ያለውን በፕላስተር መጠቅለል፣ ቢቻል ከጀርባ ቁራጭ እንጨት ማስገባት፣ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጀምሮ ማስፋት፣ ትራፓኖውንም (መብሻ ማሽኑን) በዝግታ ማዞር ያስፈልጋል፤ ፈጥኖ የሚዞር ፑንታ ፕላስቲኩን ከመቁረጥ ይልቅ ያቀልጠዋል።

አስቸጋሪው ነገር የመጣው ሁሉም በቦታው ከተገጠመ በኋላ ነው። ታርጋውን በራሱ ቀዳዳዎች ከአልሙኒየም ላማ ጋር አስሬ፣ ላማውን ደግሞ በሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ከፓራውልቱ ጋር አጣብቄ ነበር። ያሰርሁት በቀትር ነው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሳየው የላማው መሐል ወደ ውጭ ጎብጦ ጣቴን ከኋላው ማስገባት ቻልሁ፤ ከቀትር በኋላ ግን በዚያው ቦታ የወረቀት ካርድ እንኳ አይገባም ነበር። እየዋለ እያደረ ፕላስቲኩ በብሎኖቹ ዙሪያ ነጣ፣ ቀዳዳው ሰፋ፣ መንቀጭቀጡም ተጀመረ። ዳዶውን (የብሎኑን ማጥበቂያ) ባጠበቅሁት መጠን መልሶ ይላላ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ካሳለፉ ጎረቤቴ ነው። እኒህ አዛውንት ጎንበስ ብለው ካዩት በኋላ የጠየቁኝ በስንት ሰዓት እንዳሰርሁት ብቻ ነበር። ከዚያም ከጂቡቲ መጥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ በየመጋጠሚያው ክፍተት ይተውለት እንደ ነበር፣ ይህም ፀሐይ ሲያገኘው ርዝመቱ ስለሚጨምር መሆኑን አስረዱኝ። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፓራውልት የሚሠራበት ፕላስቲክ እንደ ቅይጡ ቢለያይም፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ለእያንዳንዱ የሙቀት ዲግሪ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አልሙኒየም ግን 0.023 ብቻ ነው። በሁለቱ ብሎኖች መካከል 400 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢኖርና ሌሊት 20 ዲግሪ የነበረው ፓራውልት ቀን በፀሐይ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ ፕላስቲኩ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ላማው 0.4 እንኳ አይሞላም። ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ልዩነት በየቀኑ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ መሄጃ ካጣ ላማውን ያጎብጣል ወይም የፕላስቲኩን ቀዳዳ ይበላል።

ስለዚህ በላማው አንድ ጫፍ ላይ ለብሎኑ ልክ የሆነ 6.5 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ መተው፣ በሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ ስፋቱ ያው ሆኖ ወደ ጎን 10 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሞላላ ቀዳዳ ማውጣት ያስፈልጋል። አንደኛው ብሎን ታርጋውን በቦታው ያጸናዋል፤ ሁለተኛው እንዲንሸራተት ይፈቅድለታል። ሞላላው የሚወጣው በላማው ላይ ነው፤ የታርጋው ቆርቆሮ ራሱ ሊነካ አይገባም።

ሁለት ቀዳዳዎችን ጎን ለጎን በስቶ በመካከላቸው የቀረውን በሞረድ ማውጣት የዚህ ሥራ ምርጥ ክፍል ነው። ለሞረድ እንደማደላ አልሸሽግም። በግራይንደር በአንድ ደቂቃ ይወጣል የሚሉኝ አሉ፤ የወጣውን ግን አይቼዋለሁ፤ ጠርዙ ጠማማ፣ ስፋቱም ከብሎኑ በላይ ነው። ላማውን በሞርሳ አስሮ ክብ ሞረድ ወደ ፊት ብቻ መግፋት፣ ሲመለስ ከብረቱ ማንሣት ይገባል፤ ጥርሱ የሚቆርጠው ወደ ፊት ሲሄድ ነውና። አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ የሞረዱን ጥርስ ይሞላዋል። ጎረቤቴ ሞረዱን አስቀድመው በጠመኔ ያሹታል፤ ጠመኔው ፍቅፋቂው እንዳይጣበቅ ይከላከላል፤ የተጣበቀውም በሽቦ ብሩሽ በቀላሉ ይለቃል። በመጨረሻ የቀዳዳው ከንፈር በጣት ሲዳሰስ ምንም እስከማይቧጭር ድረስ መለስለስ አለበት፤ አንዲት ትንሽ እሾህ ሮንዴላውን (በብሎኑ ላይ የሚገባውን ጠፍጣፋ ቀለበት) ከያዘችው ላማው አይንሸራተትም፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ከላማው ጀርባ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ የጎማ ቅዳጅ አስገባሁ፤ በብሎኖቹ ላይም ሰፋፊ ሮንዴላ አደረግሁ። ዳዶው ውስጡ ናይለን ያለበት ይሁን፤ በንዝረት ስለማይላላ አጥብቆ ማሰር አያስፈልገውም። በሞላላው በኩል ሮንዴላውን ነክቶ ሲቆም ሩብ ዙር ብቻ ጨመርሁለት። ባለ ሞላ ሮንዴላ በብረት ላይ የሚሰጠውን ጥቅም በፕላስቲክ ላይ አይሰጥም፤ ፕላስቲክ በተጫነ ቁጥር ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ሞላው የሚገፋው ነገር ያጣል።

ስለ ሌሎች ዘዴዎች ያለኝ አስተያየት ጠንካራ ነው። በሽቦ ማሰር ለአንድ ቀን ጉዞ ካልሆነ አይመከርም፤ ሽቦው ቀለሙን እየፋቀ ፊደሉ ድረስ ይደርሳል። ሹል ጫፍ ያለውን ብሎን ፕላስቲክ ውስጥ በቀጥታ መሰርሰር ደግሞ ከተወሰነ ሙቀትና ንዝረት በኋላ ታርጋውን መንገድ ላይ መጣል ነው። ሪቬት ሌባን ያዘገያል የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ነገር ግን ትራፊክ ለቅጣት ታርጋ እንደሚፈታ ሁላችንም እናውቃለን፣ ራዲያተር ሲነካም ፓራውልቱ መውረዱ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ሪቬቱን በትራፓኖ ለማውጣት የሚደረገው ትግል ታርጋውንም ፓራውልቱንም ይጎዳል። እኔ በ10 ቁልፍ የሚፈታውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የሚጠብቀኝ ሐረር ያለው የዘመዴ ፔጆ 404 ነው። የእርሱ ፓራውልት ብረት ስለሆነና ብረት በሜትር በዲግሪ 0.012 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም፣ ከአልሙኒየም ጋር ያለው ልዩነት በዚያው ስሌት 0.2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ሞላላ ቀዳዳ አያስፈልገውም። የሚያሳስበኝ ኒኬሉ ነው፤ አዲስ ቀዳዳ በተበሳበት ቦታ ዝገቱ ከሥር ገብቶ ያነሣዋል። ስለዚህ ምንም ሳልበሳ ፓራውልቱን ከሻንሲው ጋር ከሚያገናኙት ብሎኖች ላይ መያዣ ለማንጠልጠል አስቤአለሁ። በ404 ላይ ይህን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ መያዣውን ከየትኛው ብሎን እንዳነሣችሁትና ላማው ስንት ሚሊ ሜትር ውፍረት እንደ ነበረው ብትነግሩኝ ብረቱን ከመቁረጤ በፊት ይጠቅመኛል።