ካፒቴኑና የ50 ሺህ ብር ጣሪያ

በ2011 ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽናችንና የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። እኔ ያኔ የአንድ ከተማ ክለብ የፋይናንስ ኃላፊ ነበርኩ። ዜናውን ስሰማ እፎይ አልኩ። ቀደም ባለው ጊዜ ተጫዋች ለፊርማ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንዴ ይቀበል ነበር፤ ወርሃዊው ትንሽ ነበር። የፊርማው ገንዘብ ሲቀር ያ ሁሉ ወደ ደመወዝ ገባ። መቶ ሺህ የሚያልፍ ደመወዝ ወሬ መሆኑ ቀረ።

የኛ ክለብ እንደ ብዙዎቹ ነው። የቦርድ ሰብሳቢው ከንቲባው ናቸው። ገንዘቡ ከከተማ አስተዳደሩ ይመጣል። በጀቱ ሐምሌ ላይ ይጸድቃል፤ ከዚያ «ይለቀቃል፣ ይለቀቃል» እየተባለ መስከረም ያልፋል። ደመወዝ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ክለቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ይህን ግን የቤት ኪራይ ቀኑ ለደረሰበት ተጫዋች አስረዱት።

በዚያ ክረምት ጠረጴዛዬ ላይ ከነበሩት ፋይሎች ከባዱ የካፒቴኑ ነበር። የመሐል ተከላካይ ነው። ውሉ አልቋል። በቴሴራው፣ ማለትም በተጫዋችነት መታወቂያው ላይ 33 ዓመቱ ነው፤ ቴሴራን ለሚያውቅ ሰው ይህ ማለት ቢያንስ 33 ነው ማለት ነው። ጉልበቱ በዝናብ ጊዜ ያስቸግረዋል። ደጋፊው ግን ስሙን እየጠራ ነው ስታዲየም የሚገባው።

አሰልጣኙ እውነቱን ነገረን። «ሁሉንም ጨዋታ አይችልልኝም። ከሜዳ ውጪ ጨዋታ ላይ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ግን እሱ ከሌለ ልጆቹን የሚይዝልኝ የለም» አለ። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው በራ። መፍትሔውን ቀድመው ጨርሰውታል።

«ቀላል ነው» አሉ። «50ውን በውል፣ 40ውን ከጎን።»

«ጋሼ፣ 40ውን በየትኛው የሂሳብ መደብ ልጻፈው?»

«ለዚህ አይደል እንዴ አንቺን የቀጠርነው!»

ሳቁ። አሰልጣኙም ሳቀ። እኔ የኦዲተሩ ፊት ነው የመጣብኝ። «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚባለው መደብ በየክለቡ ምን እንደሚሸከም የሚያውቅ ያውቀዋል። በወር 40 ሺህ ግን ልዩ ልዩ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ ነው። ግብር አልተቆረጠበትም። ደረሰኝ የለውም። ደግሞ መልበሻ ክፍል ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ጠዋት የተፈረመ ውል ከሰዓት ልምምድ ላይ ሁሉም ያውቀዋል። ካፒቴኑ ከጎን ካገኘ ግብ ጠባቂውም ከጎን ይላል፣ አጥቂውም ከጎን ይላል።

ካፒቴኑን እኔ እንዳነጋግረው ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ቅር አላቸው፤ ግን እሺ አሉ።

ቢሮዬ መጣ። ቁጭ ሳይል የጠየቀኝ ጥያቄ ማንኛውም የኛ ሊግ ተጫዋች የሚጠይቀውን ነው። «እህቴ፣ 50ው የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?»

ይህች ጥያቄ ክለቦችን ብዙ ዋጋ አስከፍላለች። ተጫዋች የሚደራደረው እጁ በሚገባው ነው። ግብሩ የክለቡ ጣጣ ነው ብሎ ያምናል፤ ክለቡም ተጫዋቹ እንዳያመልጠው ዝም ይላል። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት። በጊዜው ሕግ ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ደመወዝ 35 በመቶ ይቆረጥበታል፤ 1,500 ብር ተቀናሽ አለው። ጡረታውን ለጊዜው ትተን 50 ሺህ ያልተጣራ ከሆነ 16 ሺህ ብር ግብር ነው። እጁ የሚገባው 34 ሺህ። 50 ሺህ የተጣራ እንዲደርሰው ከተፈለገ ደግሞ ክለቡ 74,615 ብር ማውጣት አለበት። ይህ ከሆነ ጣሪያው የታለ?

«16 ሺህ!» አለ። «ሜዳ ሳይገባ?»

ከዚያ ዝም ብሎ ቁጥሮቹን አየ። እኔ ስለ 40 ሺህ ብሩ እስኪያነሳ እየጠበቅኩ ነበር። አነሳውም፤ ግን እኔ በጠበቅኩት መንገድ አይደለም።

«ከጎን የሚባለውን ሰምቻለሁ» አለኝ። «በፊት ስጫወትበት የነበረ ክለብም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ሁለት ወር ከፈሉኝ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ተነሳ። አዲሱን ስጠይቀው 'የምን ገንዘብ?' አለኝ። በምን ልክሰሰው? አንቺ እሱን ተይው። አምና እናንተ ጋ ደመወዝ ስንት ወር ዘገየ?»

መልሱን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ከጓደኛው ተበድሮ ነበር። አንድ ካፒቴን ከ20 ዓመት ልጅ ሲበደር ምን እንደሚሰማው አልነገረኝም፤ መንገርም አላስፈለገውም።

የፈለገውን ዘረዘረ። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ፣ በቁርጥ ቀን። ካምፕ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር መኖር፤ ለልምምድ ሰዓት ማክበር የሱ ኃላፊነት። የካፍ ሲ ላይሰንስ የአሰልጣኝነት ሥልጠና ሲመጣ ፈቃድ። መጨረሻው የገረመኝ ነው፦ የአንድ ዓመት ሳይሆን የሁለት ዓመት ውል፤ ሁለተኛው ዓመት በግማሽ ደመወዝ፣ ተጫዋችም የከ20 ዓመት በታች ቡድን ረዳት አሰልጣኝም ሆኖ። «ጉልበቴን አንቺ አታውቂውም፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

እዚህ ላይ ወጣ ልበል። እርጅና የጀመረው ኮከብ ደመወዝ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ባርሴሎና በ2021 እ.ኤ.አ. በላሊጋው የደመወዝ ገደብ ምክንያት ሜሲን ማስፈረም ሲያቅተው ሁላችንም አይተናል። ብዙ ሰው የረሳው ፒኬን ነው። ያኔ 34 ዓመቱ ነበር። እሱ ደመወዙን ባይቀንስ ኖሮ አዲሶቹን ዴፓይንና ኤሪክ ጋርሲያን ለመክፈቻው ጨዋታ ማስመዝገብ ባልተቻለ ነበር። ዴንቨር የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ሲያወራ አያልቅበትም። የከተማው ቡድን ብሮንኮስ በ2024 እ.ኤ.አ. የ35 ዓመቱን ራስል ዊልሰንን ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ በቡድኑ የደመወዝ ገደብ ውስጥ ተቆጠረበት። ሰውየው ለሌላ ቡድን እየተጫወተ ማለት ነው። አዲሱ ቡድኑ ፒትስበርግ የከፈለው 1.21 ሚሊዮን ብቻ ነው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ የሱ ኪስ የተነካ ይመስል ነበር። ልዩነቱ እዚያ ገደቡ የቡድኑ ጠቅላላ ወጪ ላይ መሆኑ ነው፤ የኛው በእያንዳንዱ ተጫዋች ራስ ላይ ነበር።

ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። በእያንዳንዱ ሰው ላይ ጣሪያ ስታደርግ ጣሪያው ወለል ይሆናል። ካፒቴኑ ጋር ገና ሳንጨርስ የአንድ ወጣት አጥቂ ደላላ ደወለ። ልጁ ባለፈው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ነበር። «ካፒቴኑ 50 ከሆነ የኔ ልጅ ለምን 35?» ይላል። ዕድሜ፣ ልምድ፣ ጎል ብትለው አይሰማም፤ እሱ የያዘው አንድ ቁጥር ነው። 25 ተጫዋች በ50 ሺህ ሒሳብ በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ነው። የተመደበልን ከዚያ በታች ነበር። ጣሪያውን የሚገባው ጥቂት ሰው ብቻ እንደሆነ መወሰን ነበረብን። አጥቂው ሌላ ክለብ ሄደ። አሰልጣኙ ለአንድ ሳምንት ያህል አላናገረኝም።

ለቦርዱ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ስለ ክብርና ስለ ደጋፊ አላወራሁም፤ ሁለት መስመር ብቻ አስቀመጥኩ። የሥራ አስኪያጁ መንገድ፦ አንድ ዓመት፣ 50 ሺህ ከነ 40 ሺህ ከጎን፣ በድምሩ 1,080,000 ብር። የካፒቴኑ መንገድ፦ ሁለት ዓመት፣ መጀመሪያ 50 ሺህ፣ ከዚያ 25 ሺህ፣ በድምሩ 900,000 ብር። ሁለት ዓመቱ ከአንዱ ዓመት ይረክሳል። አንዱ የቦርድ አባል ግን ቁጥሩን ሳያይ «ለሽማግሌ ሁለት ዓመት?» አለ። ከንቲባው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ሽማግሌው ከኛ የተሻለ ያሰላል» አሉ። በዚያው አለቀ።

የከበደው የደመወዝ ቀኑ አንቀጽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ቀን አትጻፊ፣ እጃችንን ታስሪያለሽ» አሉ። እጃችንማ ድሮም የታሰረ ነው። በፊፋ ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አሳስቦ፣ 15 ቀን ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ከደረሰና ከተፈረደብህ ደግሞ እስክትከፍል ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ትታገዳለህ። አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ የለም። ቀኑን መጻፋችን ያመጣው አዲስ ነገር እኔ በየወሩ በ20ኛው ቀን የከተማውን ፋይናንስ ቢሮ በር ማንኳኳቴ ነው። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ስታየኝ «የካፒቴኑ ሚስት መጣች» ማለት ጀመረች።

ሊጉ ተጀመረ። ካፒቴኑ አንዳንዱን ተሰለፈ፣ አንዳንዱን ተቀመጠ። ስለ ሜዳው የማወራ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 ሊጉ ቆመ፤ በኋላም ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ክለቦች «ጨዋታ የለም፣ ደመወዝ ከየት?» ማለት ጀመሩ። የኛም ቦርድ ያንኑ አለ። ቢሮዬ ገበያ ሆነ። ለካ ሥራ አስኪያጁ እኔ ሳላውቅ ለሦስት ተጫዋቾች ከጎን ቃል ገብተው ኖሯል። አንዱ በቴሌግራም የተጻጻፈውን አሳየኝ፤ «አይዞህ፣ አለሁልህ» ይላል። ይህን በየትኛው መደብ ልጻፈው? ሦስቱም አንድ ብር ከጎን አላገኙም። የውላቸው ደመወዝም ቢሆን ስንት ደብዳቤ ተጻጽፈን ነው በቁርጥራጭ የተከፈለው።

ካፒቴኑ ፎቶ ኮፒ ይዞ መጣ። አንቀጹን በስኪሪብቶ አስምሮበታል። አልጮኸም። ውሉን ለቦርዱ አያይዤ አንድ አረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ይህ ሰው ከከሰሰ ይረታናል፣ ከረታን ደግሞ ለ2013 አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ አንችልም። በ2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ ሊተላለፍ ነው ተብሎ ሁሉም ክለብ አሰፍስፎ ነበር፤ በዚያ ዓመት መታገድ የሚፈልግ ከንቲባ የለም። ተከፈለው። ዘግይቶ፣ ግን ሙሉውን።

ሁለተኛውን ዓመት እንደ ውሉ በ25 ሺህ ሠራ። የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው። ከሚያሠለጥናቸው ታዳጊዎች ሁለቱን ግን ወደ ዋናው ቡድን አሳድጓል፤ የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ የዚያን አጥቂ አይደርስም ነበር።

ጣሪያው በየክለቡ ከጎን እየተበሳ ብዙም አልዘለቀም። በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማህበር የክለቡን ጠቅላላ ክፍያ የሚገድብ መመሪያ ይዞ መጣ። እኔ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ለአንጋፋው የምትጨምረውን ከማን እንደምትቀንስ ያሳይሃል። ከጎን የሚባለውን ግን እሱም ብቻውን አያጠፋውም።

ቦርዱ የካፒቴኑን ውል ወዶት ለግብ ጠባቂያችንም እንዲሁ አዘጋጂ ተባልኩ። እሱም ወደ 35 እየተጠጋ ነበር። ቀን የተቆረጠለት ደመወዝ፣ ሁለተኛው ዓመት በግማሽ፣ ከግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝነት ጋር። አነበበው። «ሌላ ክለብ 30 ሺህ ከጎን ብሎኛል» አለ። ተጽፏል ወይ አልኩት። «ሰውየው ያገሬ ልጅ ነው» አለኝ።

መልቀቂያውን በዚያው ቀን ጻፍኩለት።