ከጥምቀተ ባሕሩ እስከ ጨነቅ፦ ለጎንደርና ለስሜን የሚሆን የካሜራ ቦርሳ

ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት ፎቶ ለሚወድ ሰው የሚመች መንገድ ነው። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ሁለቱ ቦታዎች ከካሜራ የሚፈልጉት ግን አይገናኝም። ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ግፊያ፣ የሚረጭ ውኃና ዓይን የሚወጋ ነጭ ልብስ አለ። ተራራው ላይ ብርድ፣ ነፋስ፣ አቧራ፣ ኤሌክትሪክ የሌለበት ሌሊትና ሩቅ ገደል ላይ የቆመ ዋልያ አለ። ስለዚህ ቦርሳዬን ያሰናዳሁት ለሁለቱም በሚበቃ፣ ከ5 ኪሎ በማይበልጥ ዕቃ ነው። ተጓዦች የሚያድሩበት የግጭ ሰፈር 3,600 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ዳገት ላይ ትርፍ ክብደት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የደከመው ሰው ደግሞ ካሜራውን ከቦርሳ ለማውጣት ይሰንፋል።

የያዝኩት አንድ የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበል፣ ከፉል ፍሬም ያነሰ ክፍል) ያለው ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ቦዲ፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አንድ 55-250 ዙም እና እስከ ኤፍ 1.8 (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) የሚከፈት 35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ሁለተኛ ቦዲ ለዚህ መንገድ አልመክርም። ገንዘብ የተረፈው ሰው ቦዲ ከመለወጡ በፊት ረጅም ሌንስ ይግዛ። አሮጌ ቦዲ ላይ የተገጠመ 250 ወይም 300 ሚሊሜትር ዋልያውን ያመጣል፤ አዲስ ቦዲ ላይ ያለ 55 ሚሊሜትር የሚያሳየው ገደሉን ብቻ ነው። የኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር አነስ ማለቱም እዚህ ይጠቅማል፦ 250ው ካኖን ላይ በ1.6 ተባዝቶ የ400፣ ኒኮን፣ ሶኒና ፉጂ ላይ በ1.5 ተባዝቶ የ375 ሚሊሜትር እይታ ይሰጣል።

ያገለገለ ሌንስ መግዛት ነውር የለበትም፤ ብቻ ከመክፈልዎ በፊት የስልክዎን መብራት በኋላ በኩል አብርተው በፊት በኩል ይመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነጭ ክር ካለ ሻጋታ ነውና ይተዉት። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን ፎቶው ላይ አይታይም፤ ለዋጋ መደራደሪያ ይሆናል እንጂ ሌንሱን አያስጥልም። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩት፤ መሃል ላይ የሚይዝ ከሆነ ወድቆ ወይም አሸዋ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ጎንደር በአውሮፕላን ለሚገባ፦ መለዋወጫ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገቡም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ስለሆነ ያልፋል። የባትሪዎቹን የብረት ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑ ወይም ክዳናቸውን ይግጠሙ፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከተነካኩ ይግላሉ። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ቻርጀር ካለዎት ጀርባው ላይ 100-240 ቮልት የሚል ይፈልጉ። ካለበት ለጠፍጣፋው ሶኬት አንድ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል።

ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ተነሥተው ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ጎዳናው በሙሉ ነጭ ነው። ካሜራው ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር፣ ነጠላና ጋቢ የሞላበትን ፎቶ ያጨልመዋል። ነጩ አመድ ይሆናል፤ ፊቱም ዓይንና አፍ የማይለይበት ጥላ ሆኖ ይቀራል። የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) ከ+0.7 እስከ +1 ያድርጉ። የነጣውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያም ይክፈቱ፤ የነጠላው እጥፋት ብልጭ ማለት ከጀመረ ወደ +0.3 ይመልሱት። በሮው (ካሜራው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ማንሳት እዚህ ግዴታ ነው እላለሁ። ከጨለመ ፊት ላይ በኋላ ዝርዝር ይወጣል፤ ፈጽሞ ከነጣ ነጠላ ላይ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

ፀሐይዋ ስትከር ሰዎቹን ከጀርባቸው እንድትመታ አድርገው ይቁሙ። ፊታቸው ጥላ ውስጥ ይገባል ብለው አይስጉ፤ ከፊት ለፊታቸው የቆመው ሕዝብ ነጭ ስለለበሰ ብርሃኑን መልሶ ፊታቸው ላይ ያፈሰዋል። በብዙ ብር የሚገዛ የብርሃን መመለሻ ይህን ያህል አያሳምርም። በቀይ ድባብ ሥር የቆሙት ካህናት ግን ፊታቸው ቀይ ይነካዋል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አውቶ ላይ ከተዉት ካሜራው በየፎቶው የተለያየ ቀለም ይሰጥዎታል፤ ‘ፀሐይ’ የሚለው ላይ ያቁሙትና ሁሉንም በአንድ ጊዜ በኋላ ያስተካክሉ። ከታቦቱ ፊት ለፊት ወደኋላ እየሄዱ ማንሳት መንገድ ይዘጋል፣ ሥርዓትም አይደለም፤ ከጎን ቆመው በ55-250 ይሥሩ።

ለሌሊቱ ማኅሌት 35ቱ ይወጣል። በጧፍ ብርሃን ኤፍ 2፣ 1/125 ሰከንድና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 መነሻ ይሁንዎ። ፍላሽ ይዘጋ፤ ከዚያ ያላነሰ የሚረብሸውን የፎከስ ረዳት መብራትም ከሜኑው ውስጥ ገብተው ያጥፉት። ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሹተር በጧፍ ብርሃን ያለ ችግር ይጠቀማሉ። በኤልኢዲ አምፖል ሥር ግን ፎቶው ላይ ጥቁርና ነጭ ሰንበር ይወጣል፤ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሰንበሩ ይቀንሳል። ትራይፖድ ሕዝብ መሃል ሰው ይጠልፋል፤ ማረፊያ ክፍል ይቅር።

ጥር 11 ጠዋት ቡራኬው እንዳበቃ ውኃው በየአቅጣጫው ይረጫል፣ ወጣቶችም ዘለው ይገባሉ። ውድ የዝናብ ልብስ አያስፈልግም። ወፈር ያለ የፕላስቲክ ከረጢት ታቹን በሌንሱ የፀሐይ መከለያ ዙሪያ በላስቲክ ያስሩ፣ ከረጢቱን ከመከለያው ፊት ለፊት በምላጭ ይክፈቱት፤ እጅዎን በከረጢቱ አፍ በኩል ያስገባሉ። ሌንስ እዚያ አይቀየርም፤ 18-55ቱን ገጥሞ ገብቶ ገጥሞ መውጣት ነው። ካሜራው ከረጠበ በደረቅ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁት እንጂ አይሹት። ውጪው ፈጽሞ ሳይደርቅ የባትሪውንና የካርዱን በር አይክፈቱ፤ ውኃው ወደ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ሰዓት ነው።

ደባርቅ የመጨረሻዋ አስተማማኝ መሰናጃ ናት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ስካውቱንም (አብሮዎት የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ) የሚይዙት እዚያው ነው። ባትሪዎቹን ሁሉ እዚህ ይሙሉ፤ ሰፈሮቹ ላይ በኤሌክትሪክ አይተማመኑ። ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈው 74 ዋት ሰዓት ሁሉ ካሜራው ውስጥ አይገባም፤ ቮልቴጅ ሲለወጥና ሲሞቅ ሲሶ ያህሉ ይባክናል። ካኖን አነስተኛ ሚረርለሶቹ ላይ የሚጠቀምበት ኤልፒ-ኢ17 ባትሪ 7.5 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ አንድ ፓወር ባንክ ስድስት ጊዜ ያህል ይሞላዋል ብለው ያስሉ። ታጣፊ የፀሐይ ፓነል ያለው ሰው ካሜራውን በቀጥታ ከፓነሉ ጋር አያገናኝ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ኃይሉ ይቆራረጣል። ፓነሉ ፓወር ባንኩን ይሙላ፣ ፓወር ባንኩ ደግሞ ባትሪውን።

ከደባርቅ ገበያ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንብራም ገዛሁ። ዚፕ ያለው ባዶ የጨርቅ ከረጢት ከቤት ይያዙ፤ ሽንብራውን ሦስት አራተኛ ድረስ ይሙሉበት። የመኪና መስኮት ወይም የገደል አፋፍ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጡት ረጅሙ ሌንስ ጎድጎድ ብሎ ይቀመጥበታል። ጢም አድርገው ከሞሉት ይጠነክርና ሌንሱ ይንሸራተታል። ለእንስሳት ፎቶ ከቀላል ትራይፖድ ይህ ይበልጣል፤ ባዶውን ተሸክመው መጥተው እዚያው መሙላትዎም ከጎንደር የሚነሡበትን ክብደት ያቀላል።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር ማደሪያ ሰፈር ያለው ጠጠር መንገድ ጥር ላይ አቧራው ደቃቅ ነው፤ የተዘጋ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ያድርጉትና ከዚያ ወደ ቦርሳው ያስገቡት። ሌንስ ላይ አቧራ ካለ መጀመሪያ በላስቲክ መንፊያ ይንፉት፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ ብቻ በማይክሮፋይበር ጨርቅ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ ልማድ ሆኗል፤ ጨርቁ የያዘው አሸዋ ግን የሌንሱን ሽፋን ይቧጥጠዋል። ሌንስ ሲቀይሩ ካሜራውን ያጥፉ፣ ጀርባዎን ለነፋሱ ይስጡ፣ የቦዲውን አፍ ወደ መሬት ይድፉ።

ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ጥቂት ጊዜም ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። የሚሻለው ሰዓት ያ ነው። ከሳሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ቆሞ ቁልቁል የተነሣ ጭላዳ ጀርባውና ሳሩ ብቻ ነው የሚታየው። ራሳቸው ይቀርባሉና በ100 ሚሊሜትር አካባቢ ፊታቸውና ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ይሞላል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን የሚያሳየው ለቅጽበት ስለሆነ ከ1/500 በታች አይውረዱ። የሳሩ ጫፍ ፎከሱን ይሰርቃል፤ ሰፊውን የፎከስ ቦታ ትተው አንዷን ነጥብ ዓይኑ ላይ ያሳርፉ። ጠጉሩ በጠዋት ፀሐይ ዳር ዳሩን ወርቅ ስለሚሆን እንዳይነጣ -0.3 ይበቃል። ጎንደር ካደረጉት ተቃራኒው ነው፤ ማካካሻውን ከጥምቀቱ እንደተዉት እንዳያነሱ።

ብርዱ የሚጎዳው ከካሜራው ይልቅ ባትሪውን ነው። ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ከዚያ በታችም ይሄዳል። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ኃይል ሳያልቅ ካሜራው ‘አልቋል’ ብሎ ይጠፋል። አይጣሉት፤ ብብትዎ ሥር ወይም የውስጥ ኪስዎ ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ድርሻው ይመለሳል። ማታ ሁሉንም ባትሪዎች ካልሲ ውስጥ አድርገው የመኝታ ከረጢትዎ ውስጥ ያሳድሩ፤ ካሜራው ራሱ ግን ቦርሳው ውስጥ ቀዝቅዞ ይደር። የቀዘቀዘ ካሜራ ወደሚሞቅ ቦታ በድንገት ሲገባ፣ በተለይ ምግብ ወደሚበስልበት ቤት፣ እርጥበት መስታወቱ ላይም ውስጡም ይቋጥራል። ከመግባትዎ በፊት ውጪ ሆነው ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ይዝጉት፤ እርጥበቱ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። አንድ ሰዓት ያህል ሳይሞላ አይክፈቱት። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው ሲሊካ ጄል አየር ላይ ሲቆይ ይጠግባልና ብዙ አይታመኑበት።

ግጭ ላይ ለከዋክብት ትራይፖዱ ይወጣል። መሃለኛውን ዘንግ አያንሡ፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው እሱን ነው። ቦርሳዎን መንጠቆው ላይ ሲያንጠለጥሉ ታቹ መሬት እንዲነካ ያድርጉ፤ በአየር ላይ ከዋለለ ከነፋሱ የባሰ ያንቀጠቅጣል። የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፣ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ይጠቀሙ። በ18 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 6400፣ ከ15 እስከ 18 ሰከንድ ያንሡ፤ ከዚያ ካለፈ ኮከቡ መሥመር ይሆናል። ፎከሱ በእጅ ነው፦ አንድ ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉልተው ትንሹ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ያዙሩ።

በማግስቱ እመት ጎጎ የተባለው ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ላይ፣ የፊልተር ነገር ይነሣል። ዩቪ ፊልተር ጭጋግ ይቆርጣል የሚባለው ለዲጂታል ካሜራ አይሠራም፤ ሴንሰሩ ፊት ያለው ማጣሪያ ያንን ሥራ ይዟል፣ የስሜን ጭጋግ ደግሞ ከአቧራና ከጢስ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ርካሹ ዩቪ ነጸብራቅ ይጨምራል፤ ለጥበቃ የሌንስ መከለያ ይሻላል። ፖላራይዘሩ (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊልተር) ግን ዋጋውን ያወጣል፣ ፀሐይ በጎንዎ ስትሆን። 18 ሚሊሜትር ላይ ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ሰማያዊ ግማሹን ነጣ ያለ ስለሚያደርግ ከ28 ሚሊሜትር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀሙበት። ብርሃን ይበላልና ለእንስሳት ያውልቁት። ለየሌንሱ አይግዙ፤ ለትልቁ አፍ አንድ ገዝተው ለሌሎቹ የብረት ቀለበት ያድርጉ። ጅንባር ፏፏቴን በረጅም ኤክስፖዠር ለማንሳት የተመኘ ሰው መስከረምና ጥቅምት ይምጣ፤ ጥር ላይ ውኃው ቀጭን ነው።

በቅሎ ላይ ካሜራ አይጫንም። ጭነቱ ሲራገፍ ይወረወራል። ትራይፖዱ በፍራሽ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ካሜራና ሌንስ ከጀርባ አይወርዱም። የወገብ ቀበቶ ያለው 30 ሊትር የተራራ ቦርሳ ከፎቶ ቦርሳ ይበልጣል።

ጨነቅ የዋልያ ቦታ ነው። በማለዳ ወደ ቧሂት ተራራ በሚወጣው ዳገት ላይ ይጠብቁ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሚሞቀው ድንጋይ የሚነሣው አየር የሩቁን ምስል ያንቀጠቅጠዋል፣ ውድ ሌንስም አያድነውም። ሽንብራው እዚህ ሥራውን ይሠራል፦ 250 ሚሊሜትር፣ 1/500፣ ኤፍ 8። ሙቀቱ ሲነሣ ደግሞ አጥንት ሰባሪው አሞራ በገደሉ አፋፍ ይንሳፈፋል፤ አንዳንዴ ከእግርዎ በታች ያልፋል። 1/2000፣ ተከታታይ ፎከስ፣ አይኤስኦው አውቶ። ሰማይ ጀርባው ሲሆን +1፣ ጨለማ ገደል ጀርባው ሲሆን -0.7።

ጎንደር ስመለስ የመጀመሪያው ሥራ ካርዱን ወደ ሁለት ቦታ መገልበጥ ነበር፤ ሁለቱም ቅጂዎች መከፈታቸው ሳይረጋገጥ ካርድ ፎርማት አይደረግም። ቀጥሎ ቦርሳውን ገልብጠው ያራግፉ፣ ስፌቱን በብሩሽ ይጥረጉ፤ አቧራው እዚያ ከቀረ በሚቀጥለው ጉዞ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሴንሰሩን ለመፈተሽ በኤፍ 16 ንጹሕ ሰማይ ያንሡና ፎቶውን ያጉሉት። ጥቁር ነጥብ ካለ የቦዲውን አፍ ወደ ታች አድርገው በላስቲክ መንፊያ ይንፉ፤ በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ይገባል፤ በቆርቆሮ የታሸገ አየርም ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይተፋል። ካልለቀቀ በሴንሰሩ ልክ የተሠራ መጥረጊያ ይግዙ፤ ለኤፒኤስ-ሲ 16፣ ለፉል ፍሬም 24 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው። ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ያንጠባጥቡበት፣ በአንዱ ፊቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ገልብጠው በሌላው ፊቱ ከቀኝ ወደ ግራ አንድ አንድ ጊዜ ይጥረጉና ያንን መጥረጊያ ይጣሉት።