ቀለሙ ጠፋ፣ ሲኦዲው ጨመረ

ነገሩ የሆነው በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ነው። ከባዮሎጂካል ገንዳው የሚወጣው ውሃ ሽታው ቢጠፋም ቀለሙ አልለቅ ስላለ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለማንጣት ትንሽ የሙከራ መስመር ተዘረጋ። 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር፣ ማዞሪያ ፓምፕ፣ በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ 254 ናኖሜትር የሚያወጣ መብራት፤ በቃ።

የታሰበው መጠን በሊትር 500 ሚሊ ግራም ፐርኦክሳይድ ነበር። 35 በመቶ የሆነው ፐርኦክሳይድ በአንድ ሊትሩ 395 ግራም ገደማ ንጹሕ ፐርኦክሳይድ ስለሚይዝ፣ ለ200 ሊትር ውሃ 253 ሚሊ ሊትር ይለካለታል። መጀመሪያ ፓምፑ ይነሳል፣ ፐርኦክሳይዱ ይገባል፣ በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ መብራቱ ይበራል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ሲኦዲው (በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ በኬሚካል ሲቃጠል የሚፈጀው የኦክስጅን መጠን፤ የብክለት መለኪያ ነው) ግን ሲገባ በሊትር 180 ሚሊ ግራም የነበረው ሲወጣ 260 ሆኖ ተገኘ። ተረኛው ኦፕሬተር «ፐርኦክሳይዱ አንሶት ነው» ብሎ በማግስቱ መጠኑን እጥፍ አደረገው። ሲኦዲው 463 ገባ! ቀጥሎ ጥርጣሬው ወደ መብራቱ ዞረ፤ የኳርትዝ ቱቦው ወጥቶ በሲትሪክ አሲድ ታጠበ። እርግጥ ቡናማ የብረት ዝገት ለብሶ ስለነበር መታጠቡ አልከፋም፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፍንጩ የመጣው ከላቦራቶሪው ጠረጴዛ ነው። ተከድኖ ያደረ የናሙና ጠርሙስ ጠዋት ክዳኑ ሲላላ ፍስስ ብሎ አየር አወጣ። ከዚያው ናሙና ትንሽ ተቀድቶ የባዮሎጂካል ገንዳው ዝቃጭ ጠብ ሲደረግበት አረፋው ገነፈለ። የዝቃጩ ባክቴሪያዎች ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም አላቸው፤ ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይበትነዋል። ስለዚህ ያ ሁሉ አረፋ ያልተበላ ፐርኦክሳይድ ነው።

በሲኦዲ ምርመራ ውስጥ ዳይክሮሜት የተባለው ኬሚካል የሚያገኘውን ሁሉ ኦክሲዳይዝ ያደርጋል (እንደ ማቃጠል ነው)፤ ፐርኦክሳይድም ራሱ ኦክሲዳይዘር ቢሆንም በዳይክሮሜት ፊት እጁን ይሰጣል። በስሌት አንድ ሚሊ ግራም ቀሪ ፐርኦክሳይድ 0.47 ሚሊ ግራም የሐሰት ሲኦዲ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ናሙና 300 ሚሊ ግራም ቀርቶ ነበር፤ 141 ማለት ነው። ከ260 ላይ ሲቀነስ እውነተኛው 119 ይሆናል። በሁለተኛው ቀን 720 ቀርቶ 338 ጨመረ፤ እውነተኛው 125 ነበር። ማጣሪያው ሁለቱንም ቀን ሠርቷል፤ የዋሸው መለኪያው ነው።

ያም ሆኖ 125ቱ ከ119ኙ መብለጡን ልብ ይሏል። ብርሃኑ ፐርኦክሳይዱን ሲሰነጥቀው የሚወጣው ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ኃይለኛ ቅንጣት ያገኘውን ይመታል። ፐርኦክሳይዱ ከበዛ የሚያገኘው ቀለሙን ሳይሆን ራሱን ፐርኦክሳይዱን ነው፤ ከዚያ የሚተርፈው ደግሞ ደካማ ራዲካል ነው። ከማቅለሚያ ክፍል የሚመጣ የሶዳ ካርቦኔትም እንዲሁ ራዲካል ይሻማል፤ ፒኤች ከፍ ሲል ይብስበታል።

ለምን ቀደም ብሎ አልታየም? ቀሪውን የሚለኩበት የወረቀት መመርመሪያ ጣሪያው 25 ሚሊ ግራም ስለነበረ ነው። ወረቀቱ ጫፍ ነክቶ ቆመ፣ መዝገቡ ላይም «25» ተጻፈ። ናሙናው 50 እጥፍ ቢቀጥን ኖሮ ያኔውኑ በታወቀ።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። ናሙናው እንደወጣ ፒኤቹ ወደ 7 ይስተካከላል፣ የካታሌዝ ጠብታ ይገባል፣ ጠርሙሱ ክዳኑ ላልቶ ይቀመጣል (አጥብቆ የከደነ ጠርሙስ ሲፈነዳ ያያል)። አረፋው ሲያበቃ በወረቀት ይፈተሻል፤ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወደ ሲኦዲ ያልፋል። ካታሌዝ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ በንጹሕ ውሃ ላይ ያው መጠን ተጨምሮ ይለካና ይቀነሳል። በሶዲየም ባይሰልፋይት ማጥፋትም ይቻላል፤ ግን ከልክ ካለፈ እሱም በተራው ዳይክሮሜት ይበላና ወደዚያው ችግር ይመልሳል። የቲኦሲ (ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን) መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ካርቦን ብቻ ስለሚቆጥር።

ቀሪው ፐርኦክሳይድ የሚያስቸግረው ቁጥር ላይ ብቻ አይደለም። ከኋላ ክሎሪን የሚጨመር ከሆነ አንድ ሚሊ ግራም ፐርኦክሳይድ 2.1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይበላል። በኔዘርላንድ አንዳይክ ከ2004 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ የመጠጥ ውሃ ሲጣራ፣ በሊትር 6 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ እየተጨመረም እንኳ ከኋላው የአክቲቭ ካርቦን ማጣሪያ አለ።

የፋብሪካው መዝገብ ላይ ከእነዚያ ሁለት ቀናት በቀር የቀደሙት ንባቦች ሁሉ በቀይ ተሰርዘዋል። ያኔ የቀረው ፐርኦክሳይድ በትክክል ካልተለካ፣ ዛሬ ሊቀነስ አይችልም።