ልጁ ያንቺ ነው?

ዛሬ ኦፍ ስለነበርኩ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ የመጣች እህታችን ልጇን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ስትሄድ ላስተረጉምላት አብሬያት ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ "ልጁ ያንቺ ነው ወይ?" ላስት ኔማቸው አይመሳሰልማ! እሷ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው ልጁ ደሞ በአባቱ፣ እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም ብዬ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እሷ የልጇን እጅ ጥብቅ አርጋ ይዛ ዝም ብላ ታየኛለች፣ ያ ፊቷ ከአይኔ አልጠፋ አለ። እናት እኮ ናት፣ ስንት አገር አቆራርጣ ያመጣችውን ልጅ...

ቀጥሎ የልደት ቀን። የክትባት ካርዱ ላይ ጥር 2009 ይላል፣ በኛ አቆጣጠር፣ እነሱ እንዳለ ገለበጡትና የ9 ዓመት ልጅ ሃይስኩል ሊገባ ነበር። ጃንዋሪ 2017 መሆኑን አስረድቼ አስተካከሉት። እባካችሁ ወረቀት ስታስተረጉሙ ቀኑንም በፈረንጅ አስቀይሩ፣ አንዴ ሲስተም ውስጥ ከገባ ማስተካከሉ መከራ ነው።

ስንመለስ አሳይለም (የጥገኝነት ማመልከቻ) አስገብተሻል ወይ ስላት "መጀመሪያ ትንሽ ተረጋጊ ብለውኛል" አለችኝ። ከገባች 10 ወሯ! ህጉ እኮ የሚሰጠው 1 ዓመት ነው፣ ካለፈ ለምን እንደዘገየች ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው፣ ደነገጥኩ። ነገ ከስራ አስፈቅጄ ጠበቃ ጋ እወስዳታለሁ።