አደይ ሳይረግፍ፦ እንኳን አደረሳችሁ!

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ክረምቱ ወጥቶ፣ እዚህ ባሕር ዳር የቤዛዊት ኮረብታና የጢስ ዓባይ መንገድ ዳርና ዳሩ በአደይ ቢጫ ሆኗል። እኔም ለእንቁጣጣሽ ሰው ቤት ስሄድ የምይዘው በእጄ ያሰርኩትን እቅፍ አበባ ነው። የሱቅ ጽጌረዳ ጠልቼ አይደለም፤ ኢትዮጵያ አበባ ለውጭ ገበያ በማቅረብ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠራ አገር ናት፣ ብዙ እህቶቻችንም ይደክሙበታል። ጽጌረዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። አደይ ለጥቂት ሳምንታት ፈክቶ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል፤ ያቺን አጭር ጊዜ ተሻምቶ ለሰው ማድረስ ደስ ይለኛል።

አደይ የሚቆረጠው በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ከሥሩ አትንቀሉት፤ ግንዱን በመቀስ መቁረጥ ይበቃል። ቶሎ ስለሚጠወልግ ውኃ ያለበት ጣሳ ይዤ እወጣለሁ። የታችኛውን ቅጠል እመለምላለሁ፤ ውኃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ረጃጅሙ መሀል፣ አጫጭሩ ዳር፣ ዙሪያውን ቄጤማ። ማሰሪያዬ ደንገል ነው፤ ታንኳ የሚሠራበት ያው የጣና ደንገል ተሰንጥቆ ሲረጥብ እንደፈለጉት ይታጠፋል። ይህ እያለ ፕላስቲክ ለምን?

ከአንድ ቦታ ሁሉንም አልለቅምም። የከርሞው አደይ የሚበቅለው ዘንድሮ ከሚረግፈው ዘር ነው። ንቦቹም አሉ፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚህ ሰሞን አበባ የሚገኝ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከወጣችሁ ይህን ንገሯቸው።

ሐይቁ ዳር ያለውን ሐምራዊ አበባ ግን፣ እባካችሁ፣ አትንኩት። እምቦጭ ነው። ማማሩስ ያምራል፤ ነገር ግን ቁራጩ ውኃ ካገኘ ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጣናን ያስጨነቀ አረም በእቅፍ አበባ ታስሮ ከቦታ ቦታ እንዲዞር አልፈልግም።

አበባ የተሰጣችሁ ደግሞ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩለት፤ የግንዱንም ጫፍ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡለት። ከሙዝና ከፓፓያ አርቁት፤ የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ አበባን ቶሎ ያረግፋል።

ትልቁን እቅፍ የማስረው ዘንድሮ ሐዘን ለገባበት ቤት ነው። ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ አይገቡበትም፤ ጎረቤትም ምን እንደሚል ግራ ይገባዋል። እኔ እዚያ «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ ድምፄን ከፍ አላደርግም። አበባውን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፤ ቡና ከተፈላም እጠጣለሁ። ባለፈው ዓመት እንዲህ የሄድኩባቸው እማማ አበባውን ተቀብለው ከልጃቸው ፎቶ አጠገብ አኖሩት፤ ከዚያ ስለ እሱ ያወሩልኝ ጀመር። በምን ይስቅ እንደነበር፣ ዓሣ ሲበላ እንዴት እንደሚቸኩል። ሰው ሁሉ እንዳይከፋቸው ብሎ ስሙን መጥራት ትቶ ነበር። እሳቸው ግን ስሙን አንስተው የሚያወሩለት ሰው ሲጠብቁ ነው የከረሙት። እንዲህ ያለ ቤት በሰፈራችሁ ካለ ዘንድሮ ሂዱ፤ ባዶ እጃችሁን ለመግባት ከከበዳችሁም አምስት ዘለላ አደይ ይበቃል።

ቤታችሁን ለሚያንኳኩት «አበባየሆሽ» ባዮችም በሩን ክፈቱላቸው፤ ዘፈናቸውን እስከ መጨረሻው ስሙላቸው።

ከርሞም በጤና፣ በሰላም ያገናኘን። መልካም አዲስ ዓመት!