የዲቫይስ ትሪ ፋይሎችን ስናደራጅ የኖዶች ቅደም ተከተል አይረሳ

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከውጭ ሲያዩት ቀላል፣ ሲገቡበት ግን ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ዲቫይስ ትሪ የሚባሉትን የሃርድዌር መግለጫ ፋይሎች መልክ ማስያዝና ከድግግሞሽ ማጽዳት ነው። አርም በሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት በተሠሩ ቦርዶች ላይ ይህን ሥራ ደጋግሜ ስለሠራሁት፣ ትክክል ነው ብዬ የያዝሁትን አካሄድ ከነምክንያቱ ልጽፈው ወደድሁ።

በአርም ቦርድ ላይ ያሉ ብዙ መሣሪያዎች ራሳቸውን አያስተዋውቁም። አይስኩዌርድሲ በሚባለው የቺፖች መገናኛ መስመር ላይ የተሰካ ሴንሰር ወይም በቺፑ ውስጥ በቋሚ አድራሻ የተቀመጠ ዩአርት (የተከታታይ መረጃ ወደብ) «አለሁ» አይልም፤ ከርነሉ ሊያውቀው የሚችለው ሰው ጽፎ ከነገረው ብቻ ነው። ይህ መግለጫ ቀድሞ ለየቦርዱ በሲ ቋንቋ ይጻፍ ስለነበር፣ አዲስ ቦርድ በመጣ ቁጥር አዲስ ኮድ ይጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊነስ ቶርቫልድስ የአርም ኮድ ያለ ልክ መብዛቱን በግልጽ ከነቀፈ በኋላ፣ ቀደም ሲል በስፓርክና በፓወርፒሲ ማሽኖች ላይ ሲሠራበት የቆየው ዲቫይስ ትሪ (መሣሪያዎችን ኖድ በሚባሉ ክፍሎች በዛፍ መልክ የሚዘረዝር መግለጫ) ወደ አርም የሚገባበት ፍጥነት ጨመረ። በ2012 በ3.7 ከርነል የገባው ባለ 64 ቢት አርም ደግሞ ከመጀመሪያውም በሲ የተጻፈ የቦርድ ፋይል አልተቀበለም።

መግለጫው ከኮድ ወደ ዳታ ተሻገረ ማለት ግን ድግግሞሹ ጠፋ ማለት አይደለም። ባለ 32 ቢት አርም የዲቲኤስ (የዲቫይስ ትሪ ምንጭ) ፋይሎች ከሺህ በላይ ሆነው ለዓመታት በአንድ ፎልደር ውስጥ ተከማችተው ቆይተው፣ በየአምራቹ ፎልደር የተከፋፈሉት በ2023 በወጣው 6.5 ከርነል ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ነገር፣ የምንጭ ፋይሎቹ ቦታ ሲቀየር ተኮምፓይለው የሚጫኑት ዲቲቢ ፋይሎች ግን እንደ ቀድሞው በአንድ ፎልደር እንዲቀመጡ መደረጉ ነው። የምንጭ ፋይሉ መንገድ የከርነሉ የውስጥ ጉዳይ ሲሆን፣ የሚጫነው ፋይል መንገድ ግን ከርነሉን የሚያስነሡት ቡትሎደሮችና የዲስትሪቢውሽን ስክሪፕቶች የተደገፉበት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቢቀየሩ ኖሮ ከርነሉን በትክክል የገነባ ሰው ቦርዱ አልነሣለት ይል ነበር።

ወደ ፋይሎቹ ውስጥ ስንገባ ዋናው ጥያቄ ምን የቺፑ፣ ምን የቦርዱ ነው የሚለው ነው። አንድ ዩአርት በቺፑ ፋይል ውስጥ ከነአድራሻው፣ ከነኢንተራፕቱና ከነክሎኩ ይጻፋል፤ ስታተሱ ግን «ዲሴብልድ» ይባላል፤ ምክንያቱም የዩአርቱ ፒኖች ወደ ውጭ መውጣት አለመውጣታቸውን የሚያውቀው ቦርዱን የነደፈው ሰው ነው። የቦርዱ ፋይል ኖዱን በሌብሉ ጠርቶ ፒኖቹን ይመድብለትና ስታተሱን «ኦኬ» ያደርገዋል። ይህ ድንበር ከተጠበቀ የቦርዱ ፋይል አጭርና ተነባቢ ይሆናል። በአንጻሩ የቦርድ ፋይል ከጋራ ፋይል የወረሰውን ፕሮፐርቲ (በኖድ ውስጥ የተጻፈ ባሕርይ) ወይም ኖድ በዲሊት ትእዛዝ እየሰረዘ ከተገኘ፣ የጋራው ፋይል ለሁሉም የማይሠራ ነገር ተሸክሟል ማለት ነውና ስረዛውን ከማብዛት ያንን ነገር ወደ ቦርዱ መመለስ ይሻላል። በዚህ ላይ አንድ ፕሮፐርቲ እንደገና ሲጻፍ አዲሱ ዋጋ የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ይተካል እንጂ በላዩ አይጨመርም፤ ሁለት ኢንተራፕት ባለው ዝርዝር ላይ ሦስተኛውን ብቻ በቦርዱ ፋይል የጻፈ ሰው የቀድሞዎቹን ሁለቱን ያጣል።

ማደራጀቱ ምንም እንዳላበላሸ የምናረጋግጠው ከለውጡ በፊትና በኋላ የተገኙትን ዲቲቢዎች በማነጻጸር ነው። ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ ከተዛወረ ውጤቱ በአንድ ባይት እንኳ ሊለይ አይገባም፤ ከተለየ ኮሚቱ (የተመዘገበው ለውጥ) ከማዛወር ያለፈ ነገር አድርጓል ማለት ነው። ኖዶች ወደ ጋራ ፋይል ሲሰበሰቡ ግን የባይት ንጽጽር ብዙ ልዩነት ያሳያል፤ አንድ ኖድ ሌላውን የሚጠቅስባቸው የፒሃንድል ቁጥሮች እንኳ ኮምፓይለሩ በተራ የሚሰጣቸው በመሆናቸው ሊቀያየሩ ይችላሉ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ከከርነሉ ጋር የሚመጣውን ዲቲኤክስ ዲፍ የተባለ ስክሪፕት እንጠቀማለን፤ እርሱም ሁለቱን ዛፎች በስም ደርድሮ ያነጻጽራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መደርደሩ ንጽጽሩን ንጹሕ ቢያደርገውም፣ የኖዶቹ ቅደም ተከተል መቀየሩን ይሸፍናል፤ ከርነሉ ደግሞ መሣሪያዎቹን የሚፈጥረው በዛፉ ውስጥ በተጻፉበት ተራ ነው። በላዩ የተበየደ ኢኤምኤምሲ የተባለ የማከማቻ ቺፕና የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ ያለው ቦርድ እንውሰድ። በቺፑ ፋይል ውስጥ የኢኤምኤምሲው ኮንትሮለር አድራሻው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ ቀድሞ ተጽፎ ነበር እንበል። የዲቲኤስ አጻጻፍ ደንብ ኖዶች በአድራሻቸው እንዲደረደሩ ስለሚጠይቅ አንድ ሰው ፋይሉን በቅንነት ያስተካክለዋል፤ የተደረደረው ንጽጽርም አንድም ልዩነት አያሳይም። ቦርዱ ሲነሣ ግን ከርነሉ ለማከማቻዎቹ ከሚሰጣቸው ተራ ቁጥሮች ዜሮን የሚይዘው የካርዱ ኮንትሮለር ሊሆን ይችላል፤ በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ የሩት ክፍልፋዩን (ዋናው ፋይል ሲስተም ያለበትን) በዚያ ቁጥር የጠቀሰ ተጠቃሚም ሲስተሙን አያገኘውም።

ስለዚህ በእኔ አካሄድ ለመሣሪያዎች ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው በኤሊያስ ኖድ ውስጥ የሁለቱን ኮንትሮለሮች ቁጥር መወሰን ከሁሉ ይቀድማል፤ ይህም ራሱን የቻለ ኮሚት ይሆናል። መደርደሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ንጽጽሩንም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ተደርድሮ አንዴ ሳይደረደር አካሂደዋለሁ፤ ባልተደረደረው ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን የቦታ ለውጥ አንብቤ፣ በመፈጠሪያ ተራው ላይ የተደገፈ ነገር መኖሩን እመረምራለሁ። ይህ አሰልቺ ንባብ ነው፤ ነገር ግን ሊተካው የሚችል መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

በመንገድ ላይ የሚገኙ ስሕተቶች፣ ለምሳሌ በባይንዲንጉ ሰነድ (የኖዱን አጻጻፍ በሚደነግገው) ውስጥ የሌለ የኮምፓቲብል ስም (ድራይቨሩ መሣሪያውን የሚያውቅበት) ወይም የጎደለ ክሎክ፣ በዚያው ኮሚት ውስጥ መታረም የለባቸውም። ዲቲቢ በቡትሎደሩ ዘንድ ተቀምጦ ከአዲስ ከርነል ጋር ሊገናኝ ስለሚችል፣ የስም እርማት ከድራይቨሩ ጋር አብሮ መታየት አለበት፤ ድራይቨሩም የቀድሞውን ስም ማወቁን መቀጠል ይኖርበታል። የዲቲቢ መመርመሪያው የሚያወጣቸውን ማስጠንቀቂያዎች ከማደራጀቱ በፊት መዝግቤ እይዛቸዋለሁ፤ ከማደራጀቱ በኋላም አንድ ሳይጨመር፣ አንድም ሳይቀነስ እነዚያው መውጣት አለባቸው። ማስጠንቀቂያዎቹን የሚያርሙት ፓቾች (ለግምገማ የሚላኩ ለውጦች) የሚላኩት የማደራጀቱ ፓቾች ተቀባይነት ካገኙ በኋላ ነው።