ያለ ጭቃ የቆመ ካብ

ወደ ሚላኖ በምመለስበት ባቡር ውስጥ ነኝ። ጣቶቼ አሁንም ይጣበቃሉ። ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ የዘቢቡ ሽታ ግን አልለቀቀኝም።

የመጣሁት ከማናሮላ ነው። በጣልያን ባሕር ዳርቻ ካሉት ከቺንኩዌ ቴሬ አምስት መንደሮች አንዷ ናት። ባለ ቀለም ቤቶቿ ከባሕሩ በላይ ተደራርበው በፎቶ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከቤቶቹ በላይ ያለው ነው። ተራራው እርከን በእርከን ነው። እያንዳንዱን እርከን የያዘው ደግሞ ካብ ነው፤ ጭቃም ሲሚንቶም ያልነካው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ወይኑ የሚበቅለው እዚያ ላይ ነው። ዝቅ ብለህ ካየህ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር።

የሥራ ባልደረባዬ ወላጆች እዚያ ትንሽ የወይን ማሳ አላቸው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው። ለቀማ ሲደርስ ልጅ፣ አማች፣ ጎረቤት ይጠራል፤ ደቦ ማለት ነው። መስከረም ላይ እኔም ተጠራሁ።

ቦታው ትራክተር አያስገባም። ዘለላውን በመቀስ ትቆርጣለህ፣ ሳጥን ትሞላለህ፣ ከዚያ በአንድ ሐዲድ ላይ ቀጥ ያለውን ዳገት በምትወጣ ጠባብ ጋሪ ትጭናለህ። "ትሬኒኖ" ይሏታል፣ ትንሿ ባቡር። እሷ ሳትመጣ ሁሉም በጫንቃ ነበር። እሷ የማትደርስበት እርከን ዛሬም በጫንቃ ነው።

እኔም አንዱን ሳጥን ተሸክሜ ስዞር የካቡን ጫፍ ረገጥኩ። ሁለት ድንጋዮች ተንከባለው ታችኛው እርከን ላይ ወደቁ። ክው አልኩ። የጓደኛዬ አባት ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ምንም አልተናገሩኝም። ወርደው አንዱን ድንጋይ አነሱ፣ ሌላውን እንዳነሳ በአገጫቸው አመለከቱኝ። የድንጋዩን ረጅም ጎን ወደ ውስጥ፣ ወደ አፈሩ አስገቡት። ካልተመቸ አውጥተው ያዞሩታል፤ እንደገና ያስገቡታል። አራት ጊዜ አዞሩት። ከኋላው ያለውን ክፍተት በጠጠር ሞሉ። በመጨረሻ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ልክ እንደ ልጅ ጀርባ።

ለምን በሲሚንቶ አይያዝም? አልኳቸው። "ውኃው በየት ይውጣ?" አሉኝ። ዝናቡ በድንጋዮቹ መሀል ካላለፈ ከኋላ ይጠራቀምና ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። አንድ ካብ ሲወድቅ አፈሩ ታችኛው ላይ ይጫናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2011 በጣለው ከባድ ዝናብ ከአምስቱ መንደሮች ሁለቱ፣ ቬርናጻና ሞንቴሮሶ፣ በጎርፍና በጭቃ ተሞልተው ነበር። አካባቢው እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያለ ጭቃ ካብ የመካብ ጥበብም እ.ኤ.አ. በ2018 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ግን ድንጋዩን በእጁ የሚያዞረው ያው የቤቱ ሰው ነው። እሳቸው ልጃቸውን ተመለስና ያዝልኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ልጃቸው እንደኔው የሚላኖ ሰው ሆኗል።

ትናንት ሁለታችንም እንደገና የሄድነው ለሻኬትራ ነው። ሻኬትራ የአካባቢው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። ቦስኮ፣ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ ከሚባሉት የወይን ዓይነቶች ምርጥ ምርጡ ዘለላ ይለያል፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ እንዲደርቅ ይሰጣል፤ እስከ ኖቬምበር 1 ድረስ አይጨመቅም። ሲደርቅ ምን ይቀረዋል? ከመቶ ኪሎ ወይን ቢበዛ 35 ሊትር ነው የሚወጣው። እሱም ቢሆን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር ገበያ አይወጣም።

ፍሬው ከዘለላው የሚለቀመው በእጅ ነው፣ አንድ በአንድ። ጠረጴዛውን ከብበን እንደ ምስር ለቀምን። የሻገተውን ወደዚህ፣ ደህናውን ወደዚያ። የጓደኛዬ እናት የእኔን ክምር መልሰው ያዩታል፤ አንድ የሻገተ ፍሬ ካገኙ ዝም ብለው አውጥተው ፊቴ ያስቀምጡታል። ትንሽ እንደቆየን ቤቱን ሽታው ሞላው። አወቅሁት። ልጅ ሆኜ ዲያቆን ነበርኩ። ከቅዳሴ በፊት ቤተልሔም ውስጥ ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፈን እንጨምቅ ነበር። ሽታው ያው ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያ ዘቢብ ከማን ማሳ እንደመጣ፣ ማን እንደለቀመው አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለእናትየዋ በተሰባበረ ጣልያንኛዬ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከፍሬው ሳያነሱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ዛሬ ከመሄዳችን በፊት ወደ ላይ ወጣን። ጥቅምትን ሙሉ ዘንቧል። ሁለቱ ድንጋዮች እንዳስቀመጥናቸው ናቸው። ጓደኛዬ ግን ራቅ ብሎ አንድ የተነፋ ካብ አየ፤ ከሥሩ ሦስት ድንጋዮች ወጥተዋል። ሰዓቱን አየ፣ አባቱን አየ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ድንጋዮቹን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ጠጠር አቀበልኩ። የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር አመለጠን።